ጀንክ ሜልን ከምንጩ ማድረቅ፦ አሜሪካ ለሚኖሩ ዝርዝር መመሪያ

ለስልክ ማስታወቂያ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ «አትደውሉልኝ» የሚባል አገር አቀፍ መዝገብ አለ። አንድ ጊዜ የተመዘገበ ቁጥር ጊዜ አልፎበት አይሰረዝም። ሳይጠየቅ በፖስታ ለሚመጣ የወረቀት ማስታወቂያ፣ ለጀንክ ሜል፣ ግን እንዲህ ያለ መዝገብ አሜሪካ ውስጥ የለም። ይህን የማያውቅ ሰው ፖስታ ቤት ሄዶ «ይህን ሁሉ አቁሙልኝ» ይላል፤ ሠራተኛውም የሚያደርግለት ነገር የለም። የተከፈለበትን ፖስታ ማድረስ ሥራው ነው፤ የማስታወቂያ ፖስታ ደግሞ ለመሥሪያ ቤቱ ትልቅ ገቢ ነው።

ያለው ሕግ የተበጣጠሰ ነው። የክሬዲት ካርድ ጥሪን የሚያስቆመው አንድ ሕግ ነው፤ ባንክዎ መረጃዎን ለሌላ እንዳይሰጥ የሚያግደው ሌላ፤ ቢል መስሎ የሚመጣውን የሚቆጣጠረው ደግሞ ሌላ። ስለዚህ ቅጽ ለመሙላት ከመቸኮልዎ በፊት የሚመጣልዎት ፖስታ ከየት እንደሚነሳ ይለዩ።

ለ3 ሳምንት ምንም አይጣሉ

አንድ የጫማ ካርቶን በር አጠገብ ያስቀምጡና ያልጠየቁትን ፖስታ ሁሉ ከነመሸፈኛው ያጠራቅሙ። ካታሎግ ከሆነ የጀርባው ሽፋን እንዳይጠፋ፤ እዚያ ላይ ያለው የደንበኛ ቁጥር በኋላ ያስፈልጋል። ከዚያ የእያንዳንዱን ቀኝ የላይኛውን ጥግ፣ ቴምብር የሚለጠፍበትን ቦታ ይመልከቱ።

«ፒ አር ኤስ አር ቲ፣ ኤስ ቲ ዲ» የሚሉ ፊደላት ካሉ በጅምላ በርካሽ የተላከ ማስታወቂያ ነው። «ነንፕሮፊት ኦርግ» ካለ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው። «ኢ ሲ አር ደብሊው ኤስ ኤስ» የሚል ካለ፣ ወይም በስምዎ ፋንታ «ፖስታል ከስተመር» ወይም «ከረንት ሬዚደንት» ከተጻፈ፣ ላኪው እርስዎን አያውቅም፤ ለሰፈሩ ቤት ሁሉ ነው የላከው። «ፈርስት ክላስ» የሚል ከሆነ ሳይከፍቱ አይጣሉ፤ የፍርድ ቤት፣ የኢሚግሬሽንና የግብር ደብዳቤ በዚህ ይመጣል።

ቀጥሎ የስሙን አጻጻፍ ይመርምሩ። በዚህ ረገድ የእኛ ስሞች ጥሩ መርማሪ ናቸው። ኃይለማርያም የሚለው ስም በእንግሊዝኛ አንዱ ጋ ተያይዞ፣ ሌላው ጋ ተከፍሎ፣ ሌላው ጋ «ማርያም» ብቻ ቀርቶ ይጻፋል። ጸጋዬን አንዱ መደብር በ«ቲ» ሌላው በ«ኤስ» ይጀምረዋል። የሶፋ ሱቅ ያበላሸው አጻጻፍ ከ2 ወር በኋላ በኢንሹራንስ ማስታወቂያ ላይ ከመጣ ስሙን ማን እንደሸጠ አወቁ ማለት ነው። ችግሩ ዝርዝር የሚይዘው ኮምፒውተር ሁለቱን አጻጻፎች እንደ ሁለት ሰው መቁጠሩ ነው። በአንዱ ስም ያስወጡት ማስታወቂያ በሌላው መምጣቱን ይቀጥላል። ካርቶኑ ውስጥ ያገኙትን አጻጻፍ ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ይመዝግቡ፤ ከዚህ በታች በየደረጃው ይፈለጋል።

የክሬዲት ካርድና የኢንሹራንስ ጥሪ

ከሁሉ በፊት ይህን ይዝጉ፤ አደጋ ያለው እዚህ ነው። በአፓርትመንት የጋራ ሳጥን ውስጥ የሚያድር «አስቀድሞ ተመርጠዋል» የሚል ወረቀት በእርስዎ ስም ካርድ ለማውጣት ለሚሞክር ሌባ ግማሹን ሥራ ይሠራለታል።

እነዚህ ደብዳቤዎች የሚመጡት ክሬዲት ቢሮዎቹ፣ ማለትም ኢኩዊፋክስ፣ ኤክስፔሪያን፣ ትራንስዩኒየንና ኢኖቪስ፣ የክሬዲት ታሪክዎን አበጥረው ስምዎን ለአበዳሪዎች ስለሚሸጡ ነው። ሕጉ ይህን ይፈቅዳል፤ በምላሹ ግን የመውጣት መብት ሰጥቶዎታል። በነፃ የስልክ ቁጥር 1-888-567-8688 ይደውሉ፣ ወይም ኦፕት አውት ፕሪስክሪን ዶት ኮም ላይ ይግቡ። አንዱ ጥያቄ ለአራቱም ቢሮዎች ይደርሳል። ስም፣ አድራሻ፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርና የልደት ቀን ይጠይቃል። ይህን ሁሉ አሳልፎ መስጠት ስለሚያስፈራ አድራሻውን ከጉግል ማስታወቂያ ላይ አይክፈቱ፤ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን፣ ኤፍ ቲ ሲ፣ ድረ ገጽ ላይ ካለው ማገናኛ ይግቡ። አገልግሎቱ ነፃ ነው። ገንዘብ ከጠየቀዎት የገቡት አስመሳይ ገጽ ውስጥ ነው።

በስልክ ወይም በኢንተርኔት ብቻ ከጨረሱ የሚያገለግለው ለ5 ዓመት ነው። ለዘለቄታው እንዲሆን ከፈለጉ እዚያው ላይ ቋሚ የሚለውን መርጠው የሚመጣውን ቅጽ አትመው፣ ፈርመው በፖስታ መላክ አለብዎት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ «ቋሚ» የሚለውን ከጫነ በኋላ ወረቀቱን ሳይልክ ይቀራል። ጥያቄው በጥቂት ቀናት ውስጥ ቢመዘገብም ቀድመው የታተሙ ደብዳቤዎች ለተወሰኑ ሳምንታት ይመጣሉ። ባልና ሚስት ለየብቻ መጠየቅ አለባቸው። በክሬዲት ነጥብ ላይ የሚያመጣው ለውጥ የለም፤ በኋላ መመለስ ቢፈልጉም በዚያው ቁጥር ይመለሳሉ።

ተመዝግበውም ካልቆመ ደብዳቤውን ያንብቡ። ከክሬዲት ቢሮ ስም ገዝቶ የላከ ድርጅት «ፕሪስክሪን ኤንድ ኦፕት አውት ኖቲስ» የሚል ማሳወቂያ የማተም ግዴታ አለበት። ማሳወቂያው ከሌለ ስምዎ የመጣው ከሌላ ቦታ ነው፤ ይህ ደረጃ አይነካውም። አስቀድመው ደንበኛ የሆኑበት ባንክም በዚህ አይቆምም።

ቤት ለመግዛት ብድር በጠየቁ በማግሥቱ ከማያውቋቸው አበዳሪዎች የሚዘንበው ደብዳቤና ስልክም ምንጩ ይኸው የቢሮዎቹ ሽያጭ ነው። ይህን የሚገድብ ሕግ በሴፕቴምበር 2025 ተፈርሞ ከማርች 5 ቀን 2026 ጀምሮ የሚሠራ ሆኗል፤ ያም ሆኖ የብድር ማመልከቻ ከማስገባትዎ ጥቂት ሳምንታት ቀድመው ከዝርዝሩ መውጣት ይሻላል።

ባንክዎ የሚልከው ያ ሰንጠረዥ

የባንክ ሂሳብ ሲከፍቱ፣ ከዚያም አልፎ አልፎ፣ «ፕራይቬሲ ኖቲስ» የሚል ባለ ሰንጠረዥ ወረቀት ይደርስዎታል። ማንም አያነበውም፤ ማንበብ ያለብዎት ግን የመጨረሻውን ዓምድ ብቻ ነው፤ «ይህን መገደብ ይችላሉ?» የሚለውን። «የስ» ከሚል መስመር አጠገብ ሁሉ ምርጫው የእርስዎ ነው። በወረቀቱ ላይ ባለው ስልክ ደውለው መረጃዎ ለእህት ድርጅቶችም ለውጭ ድርጅቶችም ለገበያ ሥራ እንዳይሰጥ ያዝዙ። አዲስ ደንበኛ ከሆኑ ወረቀቱ ከተላከበት ቀን አንስቶ 30 ቀን አለዎት፤ ከዚያ በኋላ ማጋራት ሊጀምሩ ይችላሉ። ዘግይተውም ቢደውሉ መብቱ አይቀርም፤ ቀድሞ የወጣው ግን አይመለስም።

ካታሎግ፣ መዋጮና የስም ነጋዴዎች

የአሜሪካ አስተዋዋቂዎች ማኅበር የሚያስተዳድረው ዲ ኤም ኤ ቾይስ የሚባል መዝገብ አለ። ለ10 ዓመት ያገለግላል፤ ክፍያው በኢንተርኔት 6 ዶላር አካባቢ ነው። ለሟች ስምም የተለየ ዝርዝር አለው፤ እናት ወይም አባት ካለፉ በኋላ በስማቸው እየመጣ ሐዘን ለሚቀሰቅስ ፖስታ መፍትሔው እሱ ነው። መዝገቡ የሚያስገድደው ማኅበሩን የሚከተሉ ላኪዎችን እንጂ ሁሉንም አይደለም፤ የሰፈር ነጋዴ፣ የፖለቲካ ዘመቻና ቀድሞ የገዙበት መደብር አይካተቱም። ውጤቱን ለማየት እስከ 3 ወር መጠበቅ ያስፈልጋል።

ካታሎግ ለይቶ ለማስቆም ካታሎግ ቾይስ የሚባል ነፃ ድረ ገጽ አለ። የጀርባው ሽፋን ላይ ያለውን የደንበኛ ቁጥርና ስሙን በታተመበት አጻጻፍ ልክ ያስገቡ፤ ቢሳሳትም አያርሙት። ትክክለኛውን ስም ካስገቡ ኮምፒውተሩ የተሳሳተውን አያገኘውም።

ለበጎ አድራጎት ድርጅት ገንዘብ ሲሰጡ በቼኩ ላይ ወይም በቅጹ ላይ «ስሜን ለሌላ አታከራዩ፣ በዓመት አንዴ ብቻ ጻፉልኝ» ብለው ይጻፉ። ትንሽ ትንሽ ለብዙ ድርጅት መስጠት በብዙ ዝርዝር ውስጥ መግባት ነው፤ ያንኑ ገንዘብ ለአንድ ድርጅት መስጠት ፖስታውንም ይቀንሳል።

አዲስ ነገር ሲገዙ ያለው የዋስትና ካርድ ላይ የገቢ መጠንና የልጆች ቁጥር የሚጠይቀው ክፍል ከዋስትናው ጋር ግንኙነት የለውም። ባዶ ይተዉት። የዕጣ ኩፖን መሙላትም ስምን በገዛ እጅ መስጠት ነው።

የካሊፎርኒያ ነዋሪ ከሆኑ ዕድለኛ ነዎት። የግዛቱ መንግሥት ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ድሮፕ የሚባል ገጽ ከፍቷል፤ አንድ ጥያቄ የተመዘገቡ የመረጃ ነጋዴዎችን በሙሉ ይደርሳል። ነጋዴዎቹ መሰረዝ የሚጀምሩት ከኦገስት 2026 ስለሆነ ወዲያው ለውጥ አይጠብቁ።

ቤት ሲቀይሩ

ለፖስታ ቤት ቋሚ የአድራሻ ለውጥ ሲያስገቡ የድሮ አድራሻዎን የያዙ ላኪዎች አዲሱን ከፖስታ ቤቱ ፈቃድ ባላቸው ድርጅቶች በኩል ያገኙታል። ጀንክ ሜል ተከትሎዎት የሚመጣው ለዚህ ነው። ጊዜያዊ የአድራሻ ለውጥ ግን በዚህ መንገድ አይተላለፍም። ስለዚህ ጊዜያዊውን ሞልተው፣ ጊዜው እስኪያልቅ ድረስ ለባንክ፣ ለኢሚግሬሽን፣ ለመንጃ ፈቃድ ቢሮና ለኢንሹራንስ አዲሱን አድራሻ በየግል መስጠት ብዙ ያስቀራል። ይህን ዝርዝር ተከታትሎ መጨረስ ለማይችል ሰው አይመከርም፤ የጠፋ የቀጠሮ ደብዳቤ ከመቶ ኩፖን ይብሳል።

በኢንተርኔት ሲሞሉ ለማንነት ማረጋገጫ የሚከፈለው 1 ዶላር ከጥቂት ሳንቲም ነው። 40 ወይም 80 ዶላር የሚጠይቀው ፖስታ ቤቱ አይደለም።

በቀድሞ ተከራይ ስም ለሚመጣ ፖስታ ላዩ ላይ «ኖት አት ዚስ አድሬስ» (በዚህ አድራሻ የለም) ብለው ጽፈው ለፖስተኛው ይመልሱ፤ የሳጥኑ ክዳን ውስጠኛ ፊት ላይ የነዋሪዎቹን ስም ቢለጥፉ ሥራው ይቀልለታል። በሌላ ሰው ስም የአድራሻ ለውጥ ግን አይሙሉ፤ ወንጀል ነው።

ስም የሌለበት የሰፈር ማስታወቂያ

ይህ አስቸጋሪው ነው። ጀርመን «ማስታወቂያ አይግባ» የሚል ተለጣፊ በሳጥኑ ላይ ይሠራል፤ ሆላንድም እንደዚያው፤ አምስተርዳም እንዲያውም ከ2018 ጀምሮ ነገሩን ገልብጣ «እፈልጋለሁ» የሚል ተለጣፊ ለሌለው ቤት የማስታወቂያ ወረቀት እንዳይገባ አድርጋለች። አሜሪካ ውስጥ ተለጣፊው ፖስተኛውን አያስገድደውም።

ያለው መንገድ ላኪውን ራሱን መጠየቅ ነው። ቫልፓክና የመሳሰሉት የኩፖን ድርጅቶች በድረ ገጻቸው ላይ አድራሻ ማስወጫ ቅጽ አላቸው፤ እዚህ የሚፈለገው ስም ሳይሆን አድራሻው ከነአፓርትመንት ቁጥሩ ነው።

«ሪፊውዝድ» (አልቀበልም) ብሎ ጽፎ መመለስ ብዙ ሰው የሚሞክረው ነገር ነው። ያልተከፈተ ፈርስት ክላስ ፖስታ በእርግጥ ይመለሳል። በጅምላ የተላከው ግን ላኪው ለመመለሻ ካልከፈለ ፖስታ ቤቱ ራሱ ይጥለዋል፤ ላኪው ምንም ሳያውቅ በሚቀጥለው ወር ይደግመዋል።

ቅጽ 1500፦ የተረሳው ኃይለኛ መሣሪያ

ፖስታ ቤት «ፒ ኤስ ፎርም 1500» የሚባል ቅጽ አለው። የተዘጋጀው ነውረኛ፣ ወሲብ ቀስቃሽ ለሆነ ማስታወቂያ ነው። ኃይሉ ያለው ግን ነውረኛ መሆኑን የሚወስነው ተቀባዩ ብቻ በመሆኑ ነው። በ1970 ላኪዎች ሕጉን በጠቅላይ ፍርድ ቤት ተከራክረው ተሸንፈዋል፤ ዋና ዳኛው ዋረን በርገር የላኪ መብት የማይፈልገው ሰው የፖስታ ሳጥን ላይ ሲደርስ ያቆማል ሲሉ ጻፉ፤ ተቀባዩ የጨርቃ ጨርቅ ካታሎግ እንኳ ሊያግድ እንደሚችልም ውሳኔው በግልጽ ይናገራል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ማስታወቂያውን ይክፈቱ፤ ይዘቱንና መሸፈኛውን ሁለቱንም ያቆዩ። ቅጹን ከፖስታ ቤት ወይም ከድረ ገጹ ይውሰዱ። በአንድ ላኪ ላይ የእገዳ ትእዛዝ የሚጠይቀውን ክፍል ይሙሉ፤ ስሙን ማስታወቂያው ላይ እንደተጻፈው ይጻፉ። አብረዎት የሚኖሩ ከ19 ዓመት በታች የሆኑ ልጆችን ማካተት ይቻላል። ከማስታወቂያው ጋር አያይዘው ያስረክቡ። ትእዛዙ ላኪው በደረሰው በ30ኛው ቀን ይጸናል። ከዚያ በኋላ ደግሞ ቢልክ፣ ከፍተው የደረሰበትን ቀን ጽፈውበትና ፈርመው ለፖስታ ቤት ይላኩ። ቅጹ የሚመለሰው ብዙ ጊዜ መሸፈኛው ስለተጣለ ነው። ለእያንዳንዱ ላኪ ለየብቻ መሞላቱ አድካሚ ስለሆነ ለግትሩ ብቻ ያቆዩት።

ቢል የሚመስል ግን ቢል ያልሆነ

እስካሁን ያልነው ስለሚያሰለች ፖስታ ነው። ይህ ግን ኪስ የሚያወልቅ ነው፤ ቤት የገዛ፣ ኤል ኤል ሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት) ያወጣ ወይም የጭነት መኪና ቁጥር ያስመዘገበ ሰው ሁሉ ይደርሰዋል፤ መዝገቦቹ ለሕዝብ ክፍት ናቸውና።

የፌዴራል ሕግ ቢል የሚመስል ማስታወቂያ ላይ «ይህ ቢል አይደለም፣ የሽያጭ ጥሪ ነው፣ የመክፈል ግዴታ የለብዎትም» የሚል ጽሑፍ በጎላ ፊደል እንዲታተም ያዛል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለሚመስለውም ተመሳሳይ ግዴታ አለ። ስለዚህ ከመክፈልዎ በፊት ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች፣ ጀርባውንም ይፈልጉ። ጽሑፉ ከሌለ ሕግ ተጥሷል፤ ካለ ደግሞ መክፈል የለብዎትም።

የተለመዱት እነዚህ ናቸው። የቤት ባለቤትነት ሰነድ ግልባጭ በመቶ ዶላር፤ ከካውንቲው መዝገብ ቤት በጥቂት ዶላር ይገኛል። የሠራተኛ ሕግ ፖስተር፤ የፌዴራሉን የሠራተኛ ሚኒስቴር በነፃ ይሰጣል። ለጭነት መኪና ባለቤቶች የዲ ኦ ቲ (የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት) መረጃ ማደሻ፤ በየ2 ዓመቱ ለፌዴራል መሥሪያ ቤቱ ራስዎ ቢያስገቡት ነፃ ነው። ዲቪ ደርሶዎታል የሚል ደብዳቤ ወይም ኢሜይል ደግሞ ሁሌም ሐሰት ነው። ውጤት የሚታየው አመልካቹ ራሱ በማረጋገጫ ቁጥሩ በስቴት ዲፓርትመንት ገጽ ላይ ሲገባ ብቻ ነው። ይህን አገር ቤት ላሉ ዘመዶችም መንገር ይገባል።

የዕጣ ጥሪን በተመለከተ የ1999ኙ ሕግ ሁለት ነገር እንዲጻፍ ያስገድዳል፦ ለመግባት መግዛት እንደማያስፈልግና መግዛት ዕድልን እንደማያሳድግ። ሽልማት ለመቀበል ገንዘብ ቀድመው እንዲልኩ ከጠየቁዎት ዕጣ የለም።

ያላዘዙት ዕቃ በፖስታ ቢመጣ በሕግ ስጦታ ነው፤ ማስቀመጥ፣ መጠቀም ወይም መጣል ይችላሉ፣ ቢልም ሊላክብዎት አይችልም። ጥቅሉ ውስጥ ያለውን ኪው አር ኮድ ግን በስልክዎ አያንብቡ።

የማጭበርበር ፖስታ ሲያጋጥም ለፖስታ መርማሪዎች በ1-877-876-2455፣ ለኤፍ ቲ ሲ በ1-877-382-4357 ያመልክቱ፤ እንግሊዝኛ ካስቸገረ አስተርጓሚ ይጠይቁ። ዋናውን ወረቀት ከነመሸፈኛው ያቆዩ፤ ማኅተሙና የተላከበት ቀን ማስረጃ ናቸው።

ኢሜይልና ቴክስት

ከ2004 ጀምሮ የሚሠራው ካን ስፓም የተባለው ሕግ ማስታወቂያ መላክን አይከለክልም፤ ሥርዓት ያስይዘዋል። ላኪው ትክክለኛ ስምና የፖስታ አድራሻ ማስፈር፣ መውጫ ማገናኛ መስጠትና ጥያቄውን በ10 የሥራ ቀን ውስጥ መፈጸም አለበት። ለመውጣት ገንዘብ ወይም ከኢሜይል አድራሻ ሌላ መረጃ መጠየቅ አይችልም። ከ10 የሥራ ቀን በኋላ ከቀጠለ ለኤፍ ቲ ሲ ያመልክቱ፤ ቅጣቱ በአንድ ኢሜይል ከ50,000 ዶላር በላይ ሊደርስ ይችላል። ተቀባዩ በግሉ መክሰስ ግን ሕጉ አልፈቀደለትም።

መውጫውን የሚጫኑት ለሚያውቁት ድርጅት ብቻ ነው። ከማያውቁት ከመጣ ማገናኛውን መንካት አድራሻዎ ሕያው መሆኑን መንገር ነው፤ «ሪፖርት ስፓም» የሚለውን ይጫኑ። ከ2024 ጀምሮ ጂሜይልና ያሁ የስፓም ክስ የበዛበትን የጅምላ ላኪ ስለሚያግዱ ይህች ቁልፍ ከምትመስለው በላይ ትሠራለች።

ለቴክስት «ስቶፕ» ብለው ይመልሱ፤ አጭበርባሪ ከመሰለ ግን ሳይመልሱ ወደ 7726 ያስተላልፉት። ከኢሜይል በተለየ እዚህ የግል ክስ ይቻላል፤ በአንድ ጥሰት 500 ዶላር፣ ሆን ተብሎ ከሆነ እስከ 1,500። ክስ ያሰበ ሰው የ«ስቶፕ»ን መልስና የቀኑን ፎቶ ሳይሰርዝ ያቆይ።

ለላኪዎችም

ምግብ ቤት፣ የገንዘብ መላኪያ ወይም የግብር ቢሮ ያለው የአገር ልጅ በራሪ ወረቀት በየቤቱ ሳጥን ውስጥ ሲከት ይታያል። ቴምብር የሌለበት ወረቀት በፖስታ ሳጥን ውስጥ ማስገባት የፌዴራል ሕግ ይከለክለዋል፤ በእያንዳንዱ ወረቀት ሊያስቀጣ ይችላል። በሩ ላይ ማንጠልጠል ይችላሉ፤ አለዚያም የፖስታ ቤቱን የሰፈር ማስታወቂያ አገልግሎት ገዝተው በሕጋዊ መንገድ ይላኩ። ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከዕድር የስም ዝርዝር ላይ በተገለበጠ አድራሻ የሚላክ የማስታወቂያ ኢሜይልንም ካን ስፓም ይመለከተዋል፤ የመጀመሪያው መልእክት ላይ የመውጫ ማገናኛና የሱቁ አድራሻ ይኑርበት።